የኅዳጉ ጽሑፍ

ጥር ነው በታርቱ፤ ወንዙ ረግቷል፣
አሥር ሰዓት ሳይሞላ ቀኑ መሽቷል።
ጓንቴን አጥልቄ ምድር ቤት ወረድሁ፣
ሠላሳ አራተኛውን መሳቢያ ሳብሁ፣
ሥዕሉን እንዳራስ ልጅ ታቅፌ ወጣሁ።

አወቅሁት።
አራት ዓመቴ ላይ ጥጉን ያኘክሁት፣
አክስቴ ቫይኬ መብራት ስታጠፋ ከትራሴ ሥር የሸሸግሁት፣
ገጽ አሥራ ሰባት፦ ጥዱ፣ በረዶው፣
ልጁ ከነቀይ ቦቲው፣
ከኋላው ደግሞ ተኩላው።

መጽሐፉ ግን መዳፍ አይሞላም ነበር፤
ይኼ ጠረጴዛውን ሞላው ከዳር እስከ ዳር።
በዚያ ተኩላው አመድ ነው፣ የጎረቤት ውሻ፤
እዚህ ከጠጉሩ ሥር ሰማያዊ ይሮጣል፣ ከጆሮው እስከ ጭራው መጨረሻ።
ማተሚያ ቤቱ፣ ቀለም አንሶት ይሁን ዓይን፣
ነፍጎኝ ኖሯል አርባ ዓመት ይህን።

ከሥዕሉ ውጭ፣ መቀስ ሊበላው በታሰበው ዳር፣
ሁለት እርሳስ ገጥሟል ክርክር።
የአሳታሚው፦ «ጥርሱ በዛ። ልጆች ይሸበራሉ። ሦስቱን አውጣ።»
የሠዓሊው፦ «አንድ ነቅያለሁ። ከዚህ ካለፈ ስሙም ከርዕሱ ይውጣ።»
ከዚያም ዝቅ ብሎ፣ ለማንም ያልተላከ፣ በደቃቅ ፊደላት፦
«ዳቦ። ላምባ። ለኢልማር ጫማ፣ ቁጥር ሃያ ሰባት።»
ዳቦ ተሰርዟል።
ላምባ ተሰርዟል።
ጫማው እንዳለ ነው።

መብራቱን አግድሜ በጎን አበራሁት፤
የቦቲው ቀይ ወፍራም ነው፣ እንደ ቁስል ቅርፊት።
ከሥሩ ግን፣ በፊት በነበረው መስመር፣
የልጁ እግር በቡትቶ የታሰረ ነበር።

ያን ቦቲ ግዙልኝ ብሎ ያላለቀሰ
በእኛ ሰፈር ልጅ አልነበረም፤ የኔ ሁለት በረዶ ሳይሻገር ተበጣጠሰ።
ኢልማርስ?
እንጃ። መዝገቡ ስለ እሱ አንድ ቃል የለውም።

ኃላፊዬ ኤንዴል ለትርኢቱ ቸኩሏል፦
«ኅዳጉን አጽጂው፤ ሰው ሥዕል እንጂ አስቤዛ ሊያይ ይመጣል?»
ላጲሱን አነሳሁ።
ከጥዱ ጫፍ የዝንብ ኩስ ጠረግሁ፣
ከተኩላው ግንባር የጣት አሻራ ጠረግሁ፣
ዳቦው ዘንድ ስደርስ እጄን ሰበሰብሁ።

ለአናጢው ጻፍሁለት፦ «ክፈፉ አራት ጣት ይስፋ፣
ከታች በኩል።»