የመስታወት ማድያት

ፖርቶ ሞንት ይዘንባል። የወደቡ አለቃ
ዶን ኖልቤርቶ መጣ፣ አዝሎ ሰባራ ዕቃ፤
ቴሌቪዥኑ ፊት ላይ «ሰባት ሰዓት ከአርባ»
ይላል፣ ሌላም ቢታይ፣ ከጀርባ ከጀርባ።
«ኤድልሚራ፣ ምን ነካው?» አለ በሩ ላይ ቆሞ፣
ሐኪም ቤት እንዳለ ሰው፣ ዘመዱ ታሞ።

«ማድያት ነው» አልኩት፤ «አንድ ሰሌዳ ብቻ
ሌት ተቀን ሲበራ፣ ያለ መለወጫ፣
ነጥቦቹ ያረጃሉ፣ እዚያው በቆሙበት፤
ብርሃንም ይደክማል፣ እንቅልፍ ሲነሱት።»

ሌሊቱን አሳደርኩት፣ ግራጫ አልብሼ፤
ጠዋት ላይ አየሁት፣ በጨርቅ አባብሼ፤
ሁሉም ደብዘዝ ብሏል። አንዷ ግን እንቢ አለች፤
«ላስ ጋርሳስ፣ ሰባት ከአርባ»
እዚያው ተቀምጣለች።

ላስ ጋርሳስ! ያ ጀልባ ከቀረ ሦስት ዓመቱ።
«አውቃለሁ» አለ ሹሙ፣ ቀላ አለ ፊቱ፤
«ግን ሻንጣ ይዘው የሚጠብቁ አሉ፣
ጥላውን አንብበው ‹ይመጣል› የሚሉ።»

የምችለውን ነገርኩት፦ ድምቀቱን ቀንስ፣
ጽሑፉ ቦታ ይቀይር፣ ማታ አጥፋው፣ ይተንፍስ።
ሰማኝ። በቢጫ ፕላስተር መስመሯን ሸፍኖ
«ቀርቷል» ብሎ ጻፈ፣ ፊደሉን አግንኖ።

ግማሽ ዋጋ ወሰድኩ። ግማሽ ነው የጠራ።
ዝናቡን ተሻግሮ ይዞት ሄደ ሥራ።