ናሙና አራት

ሰኞ ገበያ ደሴ፣ ከጎመን ተራው ትንሽ ፈቀቅ ብላ፣
እትዬ ዘይነባ አሉማ ዘርግታ፣ ፀሐይ በነጠላ ከልላ።
እኔ ባለ ነጭ ጋዋን፣ የቤተ ሙከራ ልጅ፣
ሦስት እስር ስገዛ አየችኝ፣ እንደ ወዳጅ እንደ ፈራጅ።
«ለበግህ ነው?» አለች። በግ የለኝም አልኳት፤
ለደም ግፊት ይሆን እንደሁ ልንፈትነው ነው ብዬ ነገርኳት።
ሳቀች። ጥርሷ ጥቂት ነው፣ ሳቋ ግን ሙሉ ነበር፤
«ይሄን እኮ ሰው አይበላም፣ የሰባ ሰባት ሰው ካልሆነ በቀር።»

ጥላ ስር አደረቅሁት፣ ወቀጥኩት፣ ነፋሁት፣
በአልኮል ዘፍዝፌ «ናሙና አራት» ብዬ ጻፍኩበት።
አይጦቹ ጠጡት፤ በጅራታቸው ያሰርነው መለኪያ
አንድ ቀን ወረደ፣ አንድ ቀን ወጣ፣
እንደ ጦሳ ጉም፣ የለውም መርጊያ።
ዶክተር ይማም መነጽሩን ወልውሎ «ገና ነው» አለኝ፤
«ቅጠል አይቸኩልም» ብሎ ደብተሬን መለሰልኝ።

ሰኞ ተመለስኩ። «ምን አለ ቅጠሌ?» ብላ ጠየቀችኝ።
አላወቅንም አልኳት።
ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ፦
መቶ ሰባ በመቶ አምስት።
ኪኒኑም አለ፣ በመሐረብ ጫፍ የቋጠረችው።
«እንዳትተዪው» አልኳት።
«አልተውም» አለች። ዝም አለች ጥቂት።
«በዚያ ዘመን እኮ፣ አሉማ በልተን ስንከርም ክረምት፣
ግፊት የሚሉት ነገር አልሰማንም በአገር።
ጨውም አልነበረን። የባቲ ግመል አልቆ ነበር።
ምንም አልነበረን።»

ማስታወሻዬ ላይ «ጨው» ብዬ ጻፍኩ፤ ከስሩ ሁለቴ አሰመርኩ።
ሦስት እስር ገዛሁ።
አራተኛውን መረቀችልኝ።