የግራው ግድግዳ

ልጃችን ስታገባ፣ ወደ ኦውሉ ስትሄድ፣
አልጋዋ ሲነሳ፣ ቁም ሣጥኗ ሲወገድ፣
ታኡኖ ባዶ ክፍሏ ገብቶ አጨበጨበ፤
ግድግዳው ተቀብሎ አነበነበ።
"ገደል በሌለበት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
የገደል ማሚቶ! ኢርያ፣ ሰማሽ ወይ?"
ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ ነው የማውቀው፤
የኛ ግን አፍ አለው፣ ወሬ የሚያደምቀው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሜትር ተዘረጋ፣ ጠመኔ ተሰመረ፤
ወንበሩ ሲገፋ፣ ሲጎተት፣ ሲዞር አደረ፤
ከኋላው ግድግዳ ሲሶ ያህል ርቆ ተተከለ፤
"ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል!" አለ።

"ወፍራሙ ድምፅ ጥግ ይወዳል፣ እንደ ድመት፤
እዚያ ሲያንኮራፋ፣ ሌላው አይሰማበት።"
ከወለል እስከ ጣራ ጥጉን ሞላው በድንጋይ ሱፍ፤
የጀልባ ሸራ ያለበስኩት እኔ፣
ክንዴን ሲያሳክከኝ፣ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሳላርፍ።
እናቴ የሸመነችው ምንጣፍም ከሳሎን ሄደ፤
የአባቴ የሥራ ሸሚዝ፣ የኔ የልጅነት ቀሚስ
እየተተለተለ የገባበት፣
በየበጋው ወደቡ ሳንቃ ላይ
በጥድ ሳሙና የምፈትገው ምንጣፍ፤
እሱም ድምፅ ሊውጥ ሄደ።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ያቺ የመስታወት ማታ።
"ያዢና ግድግዳውን ታከሽ ሂጂ፣ በዝግታ፤
ከወንበሬ ሆኜ ስፒከሩን ሳየው፣ 'ቁሚ!' እልሻለሁ፤
ድምፁ የሚነጥረው እዚያ ነው፤ ምልክት አደርጋለሁ።"
ሄድኩ፣ መስታወቱን አቅፌ፣ በጎን፣ እንደ ሸርጣን።
ካገባኝ አርባ አንድ ዓመቱ፤
እንዲያ አተኩሮ አይቶ አያውቅም፣ እኔን።
"ቁሚ!" አለ። ቆምኩ።
በእርሳስ መስቀል አሰመረ።

ቀኙ ተዋጣለት። ግራው ግን ግራ ገባው።
"ሴሎው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ መስኮቱ ነው የበላው።"
መጋረጃ ደረበ፤ መስኮቱን በሳንቃ አፈነ፤
ድምፅ ይበትንልኝ ብሎ በርች ሰነጠቀ፣ ደረደረ፣ ተከነ።
ወደቡ ሁለቴ በረዶ ጋገረ፣ ሁለቴ ቀለጠ፤
ታኡኖ ከአንድ ግድግዳ ጋር እንደ ባላንጣ ተፋጠጠ።

በመጋቢት ለጉልበቱ ብለን ክሊኒክ ሄድን።
"እስከመጣችሁ፣ ጆሮም ይታይ" አሉን።
ማዳመጫ አጠለቁለት፤ "ስትሰማ ቁልፉን ተጫን።"
በቀኙ ሰማ፤ ተጫነ፤ ደግሞ ተጫነ።
ከዚያ ጣቱ ዝም አለ።
በመስኮቱ መስታወት አሻግሬ አየዋለሁ፤
ልጅቷ ድምፅ ትልካለች፣ ደግማ ትልካለች፤
እሱ እንደ ጨዋ ተማሪ ይጠብቃል።
"ምን ትሠራ ነበር?"
"ወረቀት ፋብሪካ። ሠላሳ ስድስት ዓመት።"
"ማሽኑ በየት በኩልህ ነበር?"
መልስ አልሰጣትም።
ግራ እጁን ብቻ ቀስ አድርጎ አነሳ።

ግድግዳው ነጻ ወጣ።
አውቶቡስ ውስጥ በቀኙ ተቀመጥኩ፣ እንዲሰማኝ ብዬ፤
የምለው ግን አልነበረኝም።
አንድ እጅ አያጨበጭብም ይላሉ፤
ስለ አንድ ጆሮ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ሸራውን ሁሉ ቦጫጭቆ የሚጥል መስሎኝ ነበር።
አልነካውም።
ማታ ጠራኝና ከወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፤
በሁለት ጣት አገጬን ይዞ፣ ትንሽ ወደ መሐል መለሰኝ።
ሸክላውን አዞረ። መርፌው ወረደ።
"ንገሪኝ" አለ።
እኔ ምን ልንገረው? ኦርጋንን ከአኮርዲዮን የማልለይ ሴት!
ዝም ብዬ ቆየሁና፣
"አንድ ሰው... ሊጀምር ሲል አየር ሳበ" አልኩት።
"በየት በኩል?"
"በግራ። ከመስኮቱ ትንሽ ወዲህ።"
ተነሳ። እየታከከ ሄደ፣ በጎን፣ እንደ ሸርጣን፤
መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ።
"እዚህ?"
"ዝቅ።"
"እዚህ?"
"ቁም!"
ከጆሮው ግንድ እርሳሱን አወረደ።