ባዶና ዜሮ

መዝገቡን ስከፍተው ብል የበላው ጠርዙ
እጄ ላይ ረገፈ፤ ቁጥሮቹ ግን ያዙ።
ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ክረምት ከበጋ፣
ሰማይ ያዋጣውን ሊሰፍር ሲጠጋ
ተማም አባ ኦሊ ጫማውን ጠረገ፣
ብርጭቆውን በዐይኑ ልክ ከፍ አደረገ፣
ያየውን ጻፈና ስሙን አስከተለ፤
በማግስቱም ያው ሰው፣ ያው ቦታ ላይ አለ።

የእኔ ሥራ ቀላል፦ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር፣
የሠላሳ ሁለት ዓመት ዝናብ፣ ቁጥር በቁጥር።

ፈላጊው ብዙ ነው። የአዌቱን ድልድይ የሚያሰፋው መሐንዲስ፣
በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣው ጎርፍ
የት እንደሚደርስ፤
የመድን ሠራተኛው፣ የቡና አበባ ዝናብ ሲዘገይ
ለጎማ ገበሬ ስንት እንደሚካስ።
አንዱማ መጣ፣ የጎረቤቱ አጥር ፈርሶ፣ እሱ ተከሶ፣
ያን ለት ዘንቦ እንደሆን ሊጠይቅ፣ የሰው ምስክር ጨርሶ።

ከአዲስ አበባም ባለሙያ መጣ፣ መስመር አሰመረ፤
«ከሰማንያ ሦስት ወዲህ ዝናቡ መውረድ ጀመረ፣
የጅማ ሰማይ ንፉግ ሆኖ ቀረ።»

ቦዬ አጠገብ፣ ቤቱ ደጃፍ፣ ጋሽ ተማም ይህን ሰምቶ
ሳቀ፣ ጉልበቱን መትቶ።
«ሰማዩማ ደህና ነበር፤ ዘበኛው ነው ያጠፋ።
ለጥላ ብሎ ግራቪሊያ ተከለ፤ ዛፉ ክንዱን ሲያሰፋ
መስፈሪያዬን ከለለው። ዝናቡ መች ጠፋ?
ቅጠል ነው የጠጣው።
ይቆረጥ ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ማን ሰማው?
ሙቀቱን ግን ዛፉ ላይ አታላክኪ፤
እሱ እውነት ነው። የሌሊቱን ቅዝቃዜ ከዓመት ዓመት ለኪ።»

ከዚያ የሰባ ሰባትን መስከረም ከቦርሳዬ አወጣሁ።
«ሰባት ቀን ባዶ ነው፣ ጋሼ፤ ላስሞላህ ነው የመጣሁ።
የአጋሮንና የሰቃን አማካይ ይዣለሁ፤
ካልሆነም ዜሮ አስገባለሁ።»

ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ።
አንድ ባጃጅ አለፈ፤ ጭቃ ረጭቶ፣ ድምፁ ከሰመ።

«በኳስ ሜዳ አንድ ናቸው፤ ‹ሁለት ለባዶ› ትላላችሁ፤
እዚህ ግን ለዩልኝ፣ እባካችሁ።
ዜሮ ማለት፦ ሄድኩ፣ አየሁ፣ ደረቅ ነው።
ባዶ ማለት፦ የሚያይ ሰው አልነበረም ነው።
ያን ሳምንት ዘንቧል። ክፉኛ ዘንቧል።
ጅሬን ላይ ፎዚያን ስቀብር አፈሩ ጭቃ ነበር፤
ጀለቢያዬ ገላዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።
በጀለቢያ ግን ዝናብ አይለካም።
ያልሰፈርኩትን አልጻፍኩም።»

ቢሮ ተመለስኩ። ኮምፒውተሩ ባዶ አይወድም፤
ቀይ ያበራል፤ ሳይሞሉለት አያሳልፍም።
ለጠፋ ቀን የሚቀበለው ቁጥር አለው፦
ከዜሮ በታች ዘጠና ዘጠኝ ነው።
ሰባት ጊዜ መታሁት።
«ምክንያት» በሚለው ዓምድ
«ታዛቢው አልነበረም» አልኩ። ዓምዱ ጠባብ ነው፤
ስም አያስገባም።

በማግስቱ በሦስት ሰዓት እኔው ወጣሁ።
ግራቪሊያው ተቆርጧል፤ ጉቶው አቆጥቁጧል።
ጫማዬን ጠረግሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።
ብርጭቆውን ወደ ዐይኔ ሳነሣ
አንዲት ጠብታ ታቹ ላይ ተጣብቃለች፣
ለመጀመሪያዋ ጭረት ያነሰች፣
ለዜሮ ግን የበዛች።
ለእንዲህ ያለችዋ መዝገቡ አንድ ፊደል አለው።
ፊደሏን ጻፍኩ፤ ስሜን አስከተልኩ።