ጉርድ ፎቶ

ፈረንጅ አራዳ፣ ከፋርማሲው ጎን፣ አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ፤
"አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና" ስል ጠጉሬን ያስሸበተችኝ።
ሃያ ሦስት ዓመት የጅማን ዓይን ስመለከት፣
የገዛ ሚስቴን ዓይን አላየሁት።

ቀድመው ያዩት ገበያተኞች ናቸው፤
"ዱርሲቱ፣ ምን አስደነገጠሽ?"
"ደግሞ አፈጠጥሽብኝ፣ በምን አስቀየምኩሽ?"
እሷ ጨርቅ ነበር የምትለካው፤ ማንንም አልተቆጣች።
ማታ መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ተኛች ልበል እንጂ፣
ቆቧ አልገጠመም፤ ነጩ በስንጥቁ ወጣ፤
የነቃች መስሎኝ አወራኋት፤ መልስ ግን አልመጣ።

እናቴ "የሰው ዓይን ነው" አለች፤ ክታብ አመጣች።
ክታቡን ያሰርንበት፣ እዚያው አንገቷ ላይ፣
ያበጠው እጢ ነበር፤ ነካነው፣ ሳናይ።

ዶክተር ሲፈን ከዓይኗ ጠርዝ አጥንት ተነስታ ለካች፤
"ቀኙ ሃያ አራት ሚሊሜትር፣ ግራው ሃያ ሁለት" ጻፈች።
"ስንት ጣት ይታይሻል?"
"ሁለት። አንደኛው ግን ይዋሻል።"
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "የድሮ ፎቶዋ ይኖር ይሆን?"
ሳቅ መጣብኝ። ሥራዬ ሌላ ምን ሊሆን!

በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኳቸው፦
የኒካው ቀን፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የአምናው ዒድ።
በኒካው ቆቧ ከብሌኗ ጫፍ ላይ አርፏል፤
በንግድ ፈቃዱ ከፍ ብሏል፤
በዒዱ ነጩ ከላይም ከታችም ብሌኗን ከብቧል።
ያን ቀን ያልኳት ትዝ አለኝ፦ "አታፍጥጪ፣ ፈገግ በይ።"
የሁለት ዓመት በሽታ፣
በእጄ ታትሞ፣ በመቀሴ ተቆርጦ፣ እንዲህ በግልጽ ሲታይ።

የደሙ ውጤት መጣ፤ እጢው ከልክ በላይ ይሠራል።
"የራሷ ዘበኛ ነው" አለች ዶክተሯ፣
"ጠላት መስሎት አንገቷንም ዓይኗንም ይወጋል።"
ለእጢው ክኒን፤ በሳምንት አንድ ቀን መርፌ፤
ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባት፣ ከፍ ያለ ትራስ፤
"ቀለም ከደበዘዘብሽ ግን፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድረሽ።"

ካርዱን ልትዘጋ ስትል፣
"ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?" አለች።
ኪሴ ውስጥ ያለው ፓኮ ከበደኝ።
ዱርሲቱ ወደ መስኮቱ አየች፤ አላጋለጠችኝም።
"ጭሱ ይህን በሽታ ያባብሳል፤ መድኃኒቱንም ያዳክማል።"
የሸሚዜ ሽታ ግን አፍ አለው፤ ይናገራል።

አሁን ማታ ማታ ቅባቱን ቀብቼ፣
ቆቧን በፕላስተር የምዘጋው እኔ ነኝ፣ ትንፋሼን ገትቼ።
ትናንት ከመዝጋቴ በፊት ትክ ብላ አየችኝ፦
"ሁለት ሆነህ ነው የምትታየኝ።
የትኛው ነው ማጨስ ያቆመው?"
"በቀኝ ያለው" አልኳት። አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው።
እጇን ዘረጋች፤ አየር ነካች፤
ጥቂት ወደ ግራ መለስ ብላ
ጉንጬን አገኘች።