ወደ ኋላ መልሰው

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ቪስዋ በረዶ ለብሷል፣
በያድቪጋ ማድ ቤት መስታወቱ በላብ ደፍርሷል።
ሦስት ወንበር፣ አንድ ስክሪን፣ የቶሩን የዝንጅብል ብስኩት፣
መሐሉ ላይ ተዘርግቶ የትናንትናው ሽንፈት።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከተማችን ወደቀች፣
የስዊድንን ባንዲራ በግንቧ ላይ ሰቀለች።
በጨዋታው ዘመን፣ አሥራ ስድስት መቶ ሃምሳ አምስት፤
በእኛ ዘመን፣ ጤነኛ ሰው የሚተኛበት ሰዓት።

«እንግዲህ ስህተቱን እንፈልግ» አልኩ እኔ፣ ዜኖን፤
ሠላሳ ዓመት ትራም የነዳሁ፣
ሐዲዱ ስለሚያውቅ መታጠፍ ያልተማርሁ፣
በጡረታዬ ማግስት የክንፋም ፈረሰኞች አዛዥ የሆንሁ።

እንፈልግ አልኩ እንጂ፣ ዓይኔስ ፍለጋ አልወጣም፤
በቀጥታ ቶቢያሽ ላይ አረፈ።
የያድቪጋ የእህት ልጅ፤ አሥራ አራት ነው ዕድሜው፣
የሹራቡን እጅጌ ጫፍ በጥርሱ የሚያኝከው።

የሰሜኑን በር የከፈተው እሱ ነው።
ይህን ጠላትም ያውቃል።
ከሴገድ የሚጫወተው ባርናባሽ እንኳ
በማይክራፎኑ እየሳቀ
«በሩን ማን ከፈተው?» ብሎ ጠየቀ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ፦
«ሁለት ቀን! የጨዋታ ቀን! በእኛ ስልሳ ደቂቃ!
በረዶውን ተሻግሬ ደርሼልህ ነበር በቃ!»

ቶቢያሽ ዝም አለ።
የወደቀ ዛፍ ምሳር አያጣም፤
የእኔ ምሳር ደግሞ አዲስ የተሳለ።

ያድቪጋ የትምህርት ቤት ነርስ ናት። ልጅ ታመመ ሲሏት፣
«ቁርስ በልቷል?» ነው መጀመሪያ የሚመጣላት።
ማውሱን ከእጄ ወሰደች።

የሞቱት ተነሡ፤ እሳቱ ከጣራ ወርዶ ችቦው ውስጥ ገባ፣
ግንቡ ድንጋይ በድንጋይ ራሱን ገነባ፤
የወደቀው ፈረስ ቆሞ የኋሊት ጋለበ፣
የተከፈተው በር ተዘጋ፤ የሸሸው ተሰበሰበ።
ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥቅምት...
አቆመችው ከአንዲት ዕለት።

መዝገቡ ላይ አንድ መስመር፣ ፊደሏ እንደ ጤፍ ደቃቃ፦
«አራት ሺህ ቁና አጃ፣ ከሰሜን ግንብ ጎተራ፣
ለፈረሰኞች ቀለብ።
ያዘዘው፦ ዜኖን።»

ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው፣ ረስቼው ነበር።
ፈረሶቼ ከስተው ነበር፤ ጎተራው ቅርብ ነበር፤
ልጁ ትምህርት ቤት ነበር፤
ጠይቆ መልስ መጠበቅ ለአዛዥ አይመችም ነበር።

ከዚያ ወደ ፊት ለቀቀችው፣ በዝግታ።
ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ጎተራ ሲጠብቅ አየሁት።
ሰባት መቶ ሰው። አምስት መቶ። ሦስት መቶ አርባ።
ጨዋታው ረኃብን አያሳይም፤ ቁጥር ብቻ ነው።
እኔ ከወንዙ ማዶ
በእሱ አጃ የወፈሩ ፈረሶች አሰልፌ
የክንፎቹን ቀለም እመርጣለሁ።
በሩን ሲከፍት አሥራ ዘጠኝ ቀርተውት ነበር።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች፤
ማንም አልተረተብኝም።
ሻይ ተቀዳልኝ። እሱ ባሰብኝ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።
እጅጌውን ከጥርሱ አወጣ።
«መልእክቱ መጣልኝ፤ ፊዚክስ ክፍል ነበርኩ።»
«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»
«ፈረሶቹን በጣም ወደዋቸው ነበር።»

ይቅርታ የሚሉት ቃል በሐዲድ አይሄድም፤
አንድ ቦታ ላይ መታጠፍ አለው።
ከአፌ የወጣው ግን፦
«ለቅዳሜ ቀለቡን አንተ ያዝ» የሚል ነው።

ልጁ ብስኩቱን ለሁለት ገመሰ፤
ትልቁን ለራሱ አስቀረ፣ ትንሹን ለእኔ።
«ወደ ኋላ መልሰው» አላት አክስቱን፣ አፉ እንደ ሞላ፣
«የግራውን መሻገሪያ ገና አላየነውም።
እዚያም የእሳቸው ስም አለ።»