ያረጀ ሰማያዊ

ዲኤክሷን ከግቢ በሪቨርስ ሳስወጣት፣
የበሩ መቀርቀሪያ ጎኗን ሞነጨራት።
ክንድ ከስንዝር ነው፤
ድምፁ እስካሁን ድረስ ጥርሴ ውስጥ ይፋጫል፤
መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ወር ሞልቶኛል።
ይመር ሎጊያ ነው፣ በከባዱ መኪና፤ ሐሙስ ማታ ይገባል፤
ለእግሩ ካልሲ ሳይገዛ ለሷ ሰም ይገዛል።

ሙሄ ቀለም ቤት ሄድኩ፣ ከፒያሳ ወረድ ብዬ፣
የነዳጁን ክዳን ነቅዬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ።
ደጅ አውጥቶ አየው፣ በምራቁ አሸው፤
«ፋብሪካው ያወጣው ሰማያዊ አለኝ፤
ይሄ ግን ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ያኘከው ነው።
የቱን ልቀምምልሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፣
«የዛሬውን ሰማይ ወይስ የጥንቱን ነው?»

ያረጀውን አልኩት።
ጠብታ ጥቁር ጣለ፣ ጠብታ ቢጫ ደገመ፤
ሲያማስል ሲያማስል ሰማዩ ደከመ።
በሃይላንድ ቀዳልኝ፣ ግማሽ ሊትር ዕድሜ፤
ባጃጅ ውስጥ ታቅፌው ዳገቱን ወጣሁት፣ በቲነር ታምሜ።

ማክሰኞ ጦሳ ጉሙን ሆጤ ላይ አራገፈ።
ጉም የነካው ቀለም እንደ ዓይን ሞራ ይነጣል ብለውኛል፤
ቀኑ በከንቱ አለፈ።
ሐረጎን ለወረደ፣ ኮምቦልቻ ለሚኖር፣ ፀሐይ ጎረቤት ናት፤
እኛ ግን በቀጠሮ፣ በምልጃ ነው የምናያት።

ረቡዕ አምስት ሰዓት፣ ጉሙ ሳሳ ሲል፣
በኦሞ አጠብኳት፤ ጋዜጣ ለጠፍኩኝ መስኮቷን ልከልል።
የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ነከርኩኝ፣
በክብ ሳይሆን ባንድ አቅጣጫ፣ ሙሄ እንደመከረኝ።

ፈቀፈቅኩ። ሰማያዊው ሳሳ።
ከሥሩ ሌላ ሰማያዊ ተነሣ፤
ከዚያም ሥር ግራጫ፣
ከግራጫው ሥር ደግሞ ደረቅ ያለ ቢጫ፤
ስቱኮ!
መዳፍ የሚያህል ቦታ፣ ባለሙያ ያልነካው፣
ማታ በችኮላ በጣት የደፈኑት የሚመስል ነው።
ሰሙን ስፍቅ ስፍቅ
ወርቁ ስቱኮ ሆኖ ቁጭ አለልኝ ከሥር።

ይመር? አንተም?
«ከገዛኋት ወዲህ ጭረት አታውቅም» ያልከኝ?
መቼ ይሆን? ኑሪያ የተወለደች ሌሊት
ከሆስፒታሉ አጥር ተላትመህ? ወይስ አባትህ የሞቱ ቀን፣
እያለቀስክ ስትነዳ፣ ለኔ ሳትነግረኝ?
ስቱኮ አይናገርም።
አሻራው ግን ያንተ አውራ ጣት ነው፣ ሰፊው፣ ባለ ጠባሳው፤ አልስትም።

ፍቄ ላወጣው ስል እጄ እምቢ አለ።
ባለበት ተውኩት። ሠላሳ ዓመት ያልወደቀ፣
ምን አገባኝ፣ ይኑር እንዳለ።

የፍሊት መርጫችንን አጥቤ ቀለሙን ሞላሁ።
ጥበቡ ጭረቱ ላይ አይደለም፣ ዳሩ ላይ ነው፤
መሃሉን ጠገብ፣ ዳሩን ሳሳ፣
ከዚያ ቲነር ብቻ፣ ትንፋሽ ያህል፣
አዲሱ እስኪለምን፣ አሮጌው እስኪቀበል።
አንዴ ረጨሁ፣ ጠበቅሁ። ደግሞ ረጨሁ።
አንዲት ትንኝ መጥታ ተለጠፈችበት፤
በመርፌ አነሣኋት፤ የእግሯ ምልክት ግን ቀረበት።

ሐሙስ ማታ ገባ።
ሻወር ሳይወስድ፣ ራቱን ሳይጠይቅ፣ ዞራት እንደ ልማዱ፣
መዳፉ ጎኗ ላይ፣ የሞባይል መብራት በሌላው እጁ።
ኋለኛው በር ጋ ሲደርስ መዳፉ ቆመ።
ጥፍሬ ሥር የቀረውን ሰማያዊ አየ፤
እኔ አውራ ጣቱን አየሁ።

ጉሙ ደግሞ ወርዶ ነበር፤ የግቢው አምፖል በጭንቅ ይታያል።
«አብሽሪ» አለኝ።
«አብሽር» አልኩት።

ከዚያ መዶሻ ፍለጋ ሄደ፣
መቀርቀሪያውን ሊያቃና።